ፈተናው ሌላ፣ አዳራሹ ሌላ፦ ለኦቲስቲክ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የፈተና ወቅት መመሪያ

ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ፈተና ወደቅሁ። ሳላጠና ቀርቼ አይደለም። ያንን ኮርስ ለክፍል ጓደኞቼ ሳስረዳ የከረምኩት እኔ ነበርኩ። ግን ከራሴ በላይ ያለው መብራት እዝዝ ይላል። ፈታኙ በረድፎቹ መሃል ሲመላለስ ጫማው ቋ፣ ቋ ይላል። ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ እስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ሦስተኛውን ጥያቄ አሥር ጊዜ ያህል አነበብኩት፤ ቃላቱን አያለሁ፣ ትርጉሙ ግን አይመጣም። ውጤት ሲወጣ መምህሩ "አልተዘጋጀሽም" አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ማታ ክፍሌ ገባሁና ያንኑ ጥያቄ በ15 ደቂቃ ሠራሁት።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ይኼ ነው። ፈተና ሁለት ነገር ይለካል። አንዱ የምታውቁትን ነው። ሌላው አዳራሹን፣ ሰዓቱንና የጥያቄውን አጻጻፍ ምን ያህል እንደምትችሉት ነው። ሁለተኛውን ልለካ ብሎ ያሰበ መምህር የለም፤ ነጥባችሁን ግን ይወስዳል። ስለዚህ ሥራው ሁለቱን መለያየት ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። "ኦቲዝም ያለበት" ሲባል ደስ አይለኝም። ዕዳ ያለበት፣ በሽታ ያለበት የምንለውን ያስመስለዋል። ስለዚህ እዚህ ኦቲስቲክ እላለሁ። እናንተ የሚመቻችሁን በሉ።

ደረጃ 1፦ የሚያደናቅፋችሁን በስሙ ጥሩት

"ፈተና ያስጨንቀኛል" ብላችሁ ብትሄዱ "ማንን አያስጨንቅም?" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ከዚህ የበለጠ ዝርዝር ያስፈልጋችኋል። ደብተር አውጡና ያለፉትን 2 ወይም 3 ፈተናዎች አስታውሱ። "ምን ተሰማኝ?" ብላችሁ ግን አትጠይቁ። ብዙዎቻችን ስሜታችንን በስሙ መለየት ያስቸግረናል። ረሃብም ጭንቀትም ጣሪያ እስኪነኩ ድረስ አይታወቁንም። "ምን ሆነ?" ብላችሁ ጠይቁ። ምን ሰማሁ? ምን ሸተተኝ? የት ተቀመጥኩ? ስንት ሰዓት ላይ መጻፍ አቆምኩ? ከወጣሁ በኋላ ምን አደረግሁ?

እኔ ስጽፈው የተገረምኩበት ነገር ነበር። ድምፁ አንደኛ እንደሚሆን ጠብቄያለሁ። ሁለተኛ የመጣው ግን አዳራሹ ውስጥ ያለ ነገር አይደለም። በር ላይ የሚደረገው ግፊያ ነው። "ምዕራፍ 5 አለ እንዴ?" እያለ የሚንጫጫ ሰው መሃል 20 ደቂቃ ቆሜ ስገባ፣ ገና ወረቀቱን ሳልገልጥ ተሟጥጫለሁ።

"ድምፅ ረበሸኝ" ማለት ቅብጠት ከመሰላችሁ ይኼን ያዙ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ያወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለሽታና ለንክኪ ከልክ ያለፈ ወይም ያነሰ ምላሽ መስጠትን ከኦቲዝም መለያዎች መሃል አስገብቶታል። ሌላው ሰው የእስክሪብቶውን ጠቅታ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል። እኛ ጆሮ ዳባ የምናለብሰው ጆሮ የለንም።

ደረጃ 2፦ ችግሩን ወደ ጥያቄ ቀይሩት

"ጫጫታ አልችልም" ቅሬታ ነው። "ከ10 ሰው በማይበልጥበት ክፍል ልፈተን" ጥያቄ ነው። ቅሬታ የሰማ ሰው ያዝንላችኋል። ጥያቄ የሰማ ሰው ግን እሺ ወይም እምቢ ማለት አለበት። የምትፈልጉት ይኼን ነው።

ከእያንዳንዱ ችግር አጠገብ አንድ መፍትሔ ጻፉ። ለድምፅ ትንሽ ክፍል ወይም የጆሮ መድፈኛ። ለብርሃን ከመስኮት ወይም ከሚርገበገበው አምፖል የራቀ ወንበር፣ ወይም ኮፍያ። ከኋላ ሰው ሲኖር ለሚረበሽ፣ ጀርባው ግድግዳ የሆነ የመጨረሻ ረድፍ። የእጅ ጽሑፍ ለሚያደክመው ኮምፒውተር። ለበሩ ግፊያ ከሌሎቹ 5 ደቂቃ ቀድሞ መግባት። በቃል ለሚሰጥ ፈተና ጥያቄውን በጽሑፍም ማግኘትና ለማሰብ ጊዜ ማግኘት። ሁለት ፈተና በአንድ ቀን ከዋለ አንዱን ማዛወር።

ተጨማሪ ሰዓትን ለብቻው ላንሳው። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ ቢሮዎችም ለመስጠት የሚቀላቸው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ 25 በመቶ ይሰጣል፤ የ2 ሰዓት ፈተና 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል ማለት ነው። ጥያቄን ቀስ ብሎ ለሚያነብ ወይም አጀማመር ለሚከብደው ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ አዳራሹ ከሆነ ግን ተጨማሪ ሰዓት ማለት በዚያው ጫጫታ ውስጥ 30 ደቂቃ ተጨማሪ መቀመጥ ነው። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ክፍሉን፣ ቀጥሎ ሰዓቱ ቆሞ የሚወሰድ እረፍትን፣ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ሰዓትን እጠይቃለሁ። ዝርዝራችሁ ከ4 አይብለጥ። ረጅም ዝርዝር ያየ ኃላፊ ከላይ ያሉትን ቀላሎቹን ፈቅዶ ዋናውን ይረሳዋል።

ደረጃ 3፦ ጻፉ፣ ቀድማችሁ ጻፉ

ጊዜው ሴሚስተሩ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ፈተና ሳምንት ላይ የሚመጣ ጥያቄ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን "አሁንማ ክፍሎቹ ተመድበዋል" ይባላል።

ወደ ማን? የአካል ጉዳተኛ ወይም የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ቢሮ ካለ ወደዚያ። ከሌለ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ፣ የተማሪዎች አማካሪ፣ ወይም የምታምኑት አንድ መምህር። መብት ነው ወይ ለሚለው፣ በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ትምህርትን ይመለከታል፤ ከፍተኛ ትምህርትንም በስሙ ይጠቅሳል። ስምምነቱን ያጸደቁ አገሮች ለተማሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ የማረጋገጥ ግዴታ አለባቸው። ያለ በቂ ምክንያት መከልከሉንም ስምምነቱ ከአድልዎ ይቆጥረዋል። ይኼን የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አትጻፉት። ጠብ የሚፈልግ ሰው ያስመስላችኋል። እምቢ ከተባላችሁ ለሁለተኛው ደብዳቤ ይቆያችሁ።

ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ገልብጣችሁ ቀይሩት።

"ለ፦ የ……… ዲፓርትመንት ኃላፊ
ጉዳዩ፦ የፈተና ሁኔታ እንዲመቻችልኝ ስለመጠየቅ

እኔ ……… የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን ኦቲስቲክ ነኝ። የሐኪም ማስረጃዬን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ብዙ ሰው ባለበት አዳራሽ ውስጥ ትንንሽ ድምፆች ጥያቄውን አንብቤ እንዳልረዳ ያደርጉኛል። ባለፈው ሴሚስተር በዚህ ምክንያት በሁለት ፈተናዎች የማውቃቸውን ጥያቄዎች ሳልሠራ ወጥቻለሁ። ስለዚህ አንደኛ፣ ከ10 ተማሪ በማይበልጥበት ክፍል እንድፈተን፤ ሁለተኛ፣ የጆሮ መድፈኛ እንድጠቀም፤ ሦስተኛ፣ በየሰዓቱ ሰዓቱ ቆሞ የ5 ደቂቃ እረፍት እንድወስድ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የፈተናው ይዘትም ሆነ የማለፊያ ነጥቡ እንዲቀየርልኝ አልጠይቅም። ውሳኔውን በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ ለፈተና ቀን ይዤው እቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር"

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው "አልጠይቅም" የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። አብዛኛው መምህር የሚፈራው ነጥብ ልትለምኑት የመጣችሁ መስሎት ነው።

የሐኪም ማስረጃ ስታወጡ ሐኪሙ "ኦቲዝም አለው" ብሎ ብቻ እንዳያቆም ንገሩት። ቢሮው የሚያስፈልገው ፈተና ላይ ምን እንደሚያስቸግራችሁና ምን እንደሚረዳችሁ ነው። ምርመራ ገና ያላገኛችሁስ? ይኼ የብዙዎች ጉዳይ ነው፤ በተለይ ሴቶች በልጅነታቸው ሳይለዩ ያልፋሉ። ወረፋውም ረጅም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ማስረጃ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። የወንበር ምርጫ፣ አዳራሹን ቀድሞ ማየት፣ የፈተናውን ቅርጽ ቀድሞ ማወቅ፤ እነዚህን ማንም ተማሪ መምህሩን ሊጠይቅ ይችላል። አንዳንዱ መምህር የጆሮ መድፈኛንም አይቶ ይፈቅዳል።

ቢሮ ከተጠራችሁ ጽሑፉን ይዛችሁ ግቡ፤ እያነበባችሁም ቢሆን ተናገሩ። ዓይን ለዓይን መተያየት ከከበዳችሁ "ወረቀቱን እያየሁ ስናገር ነው የሚቀናኝ" በሉና ጨርሱት። እኅት፣ ጓደኛ፣ ማንንም ይዛችሁ መግባት ነውር የለውም። ስትወጡ "ዛሬ የተስማማነው እንዲህ ነው" ብላችሁ በኢሜይል ላኩ። የቃል እሺታ ሰው ሲቀየር ይተናል።

"ሌሎቹስ ተማሪዎች ምን ይላሉ?" የሚል ይኖራል። መነጽር ላደረገ ተማሪ ማንም ምንም አይልም በሉ። እምቢ ካሏችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁና ወደ ዲኑ፣ ወይም ወደ ተማሪዎች ኅብረት ሂዱ። ለማን ትናገራላችሁ የሚለው ግን የናንተ ውሳኔ ነው። ለቢሮው መናገር ለክፍል ጓደኛ መናገር አይደለም፤ "ለሌላ እንዳይገለጽ" ብላችሁም መጻፍ ትችላላችሁ።

ደረጃ 4፦ ጥናቱ

ብዙዎቻችን አንድ ነገር ውስጥ ስንገባ እስከ ታች እንገባለን። ከዚያ መውጣት ነው ጭንቁ። ስለዚህ "ከ2 እስከ 3 ሒሳብ፣ ከ3 እስከ 4 ታሪክ" የሚል ፕሮግራም በኔ ላይ አልሠራም። ከአንዱ ወደ ሌላው ስቀይር ብቻ ግማሽ ሰዓት ይጠፋል። አንድ ቀን ለአንድ ኮርስ፣ ካልሆነም ጠዋት አንድ ከሰዓት አንድ አድርጉት። 25 ደቂቃ አጥንቶ 5 ደቂቃ ማረፍ የሚባለው ታዋቂ ዘዴም ገና ሲሞቅልኝ ያቋርጠኛል። ለሌላው ሊሠራ ይችላል። እኔ በ90 ደቂቃ አላርም እሞላለሁ፤ የሚሞላውም ለጥናቱ ሳይሆን ውኃ ለመጠጣትና ለመብላት ነው። ካልጮኸ እረሳዋለሁ።

ወደ ታች የመግባቱ ነገር ወጥመድም አለው። አንድ ጊዜ ፈተና ላይ 2 ነጥብ ብቻ ለያዘ ርዕስ 3 ቀን አጠፋሁ። ደስ ብሎኝ ነው ያጠፋሁት፣ ምን ይደረግ። አሁን መጀመሪያ የኮርሱን አውትላይን አወጣና የትኛው ምዕራፍ ስንት ነጥብ እንደያዘ እጽፋለሁ። ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

መጀመር ለሚያቅተው ደግሞ፣ "ምዕራፍ 4 አጥና" የሚሠራ ትእዛዝ አይደለም። "ደብተሩን ገጽ 41 ላይ ክፈት፣ ጥያቄ 1ን ሥራ" ይሠራል። ከማያወራ ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥም ይረዳል፤ እሱ የራሱን ያጠናል፣ እናንተ የራሳችሁን።

ደጋግሞ ማንበብን ቀንሱ። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በልጠው ተገኙ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ደብተር ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። የድሮ ፈተና ፈልጉና በሰዓት ሥሩ። ለኛ ሌላም ጥቅም አለው፤ የጥያቄውን ቅርጽ እንለምደዋለን። ያልታወቀ ነገር ሲቀንስ ድንጋጤውም ይቀንሳል።

ደረጃ 5፦ የጥያቄውን ቋንቋ ቀድማችሁ ፍቱት

"ስለ ፎቶሲንተሲስ የምታውቁትን ጻፉ" የሚል ጥያቄ መጣልኝ። የማውቀውን ጻፍኩ። ሰዓቱ ሲያልቅ ገና ክሎሮፊል ላይ ነበርኩ። "…ማብራራት ትችላላችሁ?" ለሚል ጥያቄም አንድ ጊዜ "አዎ" ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው ሄጃለሁ። ዛሬ ያስቀኛል።

"ባጭሩ" ስንት መስመር ነው? "ተወያዩ" ከማን ጋር ነው? ሌላው ተማሪ ግምቱን ይወስዳል። እኛ ቃሉን እንወስዳለን። መፍትሔው ትንሽ መዝገበ ቃላት መሥራት ነው። መምህሩ የሚወዳቸውን ትእዛዞች ጻፉ፦ አብራሩ፣ አወዳድሩ፣ ተንትኑ፣ ገምግሙ። ከዚያ መምህሩ ዘንድ ሄዳችሁ "ሙሉ ነጥብ ያገኘ የአንድ ተማሪ መልስ፣ ስሙ ተሸፍኖ፣ ሊያሳዩኝ ይችላሉ?" በሉ። ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያ አንድ ወረቀት ያስተምራል።

ርዝመቱን ነጥቡ ይንገራችሁ። 100 ነጥብ ያለው ፈተና በ120 ደቂቃ ከሆነ፣ አንድ ነጥብ 1.2 ደቂቃ ነው። ባለ 10 ነጥቡ ጥያቄ 12 ደቂቃ አለው። ወረቀቱን እንደተቀበላችሁ ከእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ የሚቆምበትን ሰዓት ጻፉ። ሰዓቱ ሲደርስ ዓረፍተ ነገሩ ባያልቅም ወደሚቀጥለው እለፉ። ያማል፣ አውቃለሁ።

ደረጃ 6፦ ሳምንቱና ማለዳው

ከፈተናው በፊት አዳራሹን ሂዱና እዩት፤ ፈተናው በሚሰጥበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ብርሃኑ የት ይወድቃል? ሽንት ቤቱ የት ነው? የሚጮኸው በር የትኛው ነው? 10 ደቂቃ ተቀመጡበት። ፎቶ አንሱት። የምትሄዱበትን መንገድም አንድ ጊዜ ሂዱት።

የፈተና ቀን አዲስ ልብስ አይለበስም፣ አዲስ ምግብ አይሞከርም። ቡና የምትወዱ፣ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ እወቁ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት የጠጣችሁት ማታ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ አብሯችሁ ይተኛል። ቦርሳ ማታ ይዘጋጅ፦ መታወቂያ፣ እስክሪብቶ፣ ውኃ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ የፈቃዱ ደብዳቤ ቅጂ። ያቺን ቅጂ አትርሱ። ፈታኙ ስለናንተ ያልተነገረው ቀን ይመጣል፤ ያን ጊዜ መከራከር ሳይሆን ወረቀት መዘርጋት ይሻላል።

ቀድማችሁ ድረሱ፤ በሩ ላይ ግን አትቁሙ። ራቅ ብላችሁ ጠብቁ፣ ሲከፈት ግቡ።

ፈተናው በኮምፒውተር፣ በካሜራ እየታየ ከሆነ ቀድማችሁ ጻፉ። አንዳንዱ የቁጥጥር ፕሮግራም ዓይን ከስክሪኑ ሲርቅ ወይም ሰውነት ሲወዛወዝ እንደ ኩረጃ ምልክት ይመዘግባል። "ሳስብ ዓይኔን አዞራለሁ፣ እወዛወዛለሁ" የሚል አንድ መስመር ቀድሞ መዝገብ ላይ ይኑር።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱ ፊት

ቀላሉን ጥያቄ ቀድማችሁ ሥሩ። ድንገት ጭው ካለባችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። እግራችሁን መሬት ላይ አጥብቁ፣ ከምታስገቡት አየር የምታስወጡትን ረዘም አድርጉ። እጅ ማፍተልተል፣ መወዛወዝ የሚያረጋጋችሁ ከሆነ አታፍኑት። "ደህና ነኝ" ለመምሰል የሚሄደው ጉልበት ከመልሱ ላይ ነው የሚቀነሰው።

አንዳንዱ ይፈነዳል፤ ያለቅሳል፣ ይነሳል። አንዳንዱ ይዘጋል፤ ቃል ከአፉ አይወጣም፣ እጁም አይታዘዝም። ሁለቱም ሆን ተብለው የሚደረጉ አይደሉም። ለሁለተኛው ትንሽ ካርድ ይዛችሁ ግቡ፦ "አሁን መናገር አልችልም። አልታመምኩም። 5 ደቂቃ ውጭ ልቆይ።" ፈታኙ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ይያት። ካርዷን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተጠቀምኩባት። ኪሴ ውስጥ መኖሯ ግን ሌላውን ቀን ሁሉ ረድቶኛል።

ደረጃ 8፦ ከወጣችሁ በኋላ

"ጥያቄ 7 መልሱ ስንት መጣላችሁ?" የሚለው ክብ ውስጥ አትግቡ። ቀጥታ ሂዱ። ጨለማ ክፍል፣ የምትወዱት ነገር፣ ዝምታ። እረፍቱን እንደ ኮርስ ፕሮግራም ውስጥ አስገቡት፤ አለበለዚያ ቀጣዩ ፈተና ባዶ እጃችሁን ያገኛችኋል።

ፈተናው ከተበላሸ፣ መብራቱ ከጮኸ፣ የተፈቀደላችሁ ካልተሰጣችሁ፣ በዚያው ቀን ጻፉ። ውጤት እስኪወጣ አትጠብቁ። ቅሬታ ማቅረቢያው ቀነ ገደብ ሊኖረው ይችላል፤ ውጤት ካያችሁ በኋላ የመጣ ቅሬታም ሰበብ ይመስላል።

ድካም ደግሞ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። ሳምንታት ካረፋችሁም በኋላ ካልለቀቃችሁ፣ በፊት ያለ ሐሳብ የምታደርጉት ነገር፣ ማብሰል፣ መታጠብ፣ ማውራት፣ ካቃታችሁ፣ ድምፅና ብርሃን ከበፊቱ ብሶ ከከበዳችሁ፣ ኦቲስቲኮች "ተቃጠልኩ" የሚሉት ይኼን ነው። በጥናት ብዛት አይታለፍም። አማካሪ ወይም ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ኮርስ መቀነስን፣ ሴሚስተር ማቋረጥንም ከዲፓርትመንቱ ጋር ተነጋገሩበት። መኖር የማያስፈልግ መስሎ ከታያችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ንገሩ፣ ወይም ወደሚቀርባችሁ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ሂዱ። መናገር ካቃታችሁ ጽፋችሁ አሳዩ።

የመጨረሻው ፈተና ካለቀ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ፣ ትዝታው ሳይደበዝዝ፣ የደረጃ 1ን ደብተር መልሳችሁ ክፈቱ። የረዳው የትኛው ነበር? ያልረዳውስ? እኔ መጠየቅ ከጀመርኩ በሦስተኛው ሴሚስተር ኮምፒውተሩን ሰርዤ በምትኩ የግድግዳ ጥግ ወንበር ጻፍኩ። ደብዳቤው ላይ ቀኑን ቀየርኩና አዲሱ ሴሚስተር በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ወስጄ ሰጠሁ።